ወጣቱ የፕሮግራም ባለሙያ፣ አዲሱ መሣሪያና የእኛ የነባሮቹ ድርሻ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተሰማ ንግግር)




የዚህ ጉባኤ አዘጋጆች «የወጣቱ የፕሮግራም ባለሙያ ውሎና የአዳዲስ መሣሪያዎች ትምህርት» በሚል ርእስ ጥቂት ቃል እንዳሰማ በጠየቁኝ ጊዜ፣ በመጀመሪያ ያሰብሁት ስለ መሣሪያዎቹ ለመናገር ነበር። ይሁን እንጂ የመሣሪያዎቹን ስም መዘርዘር ብጀምር፣ ንግግሩ በዓመታዊው መጽሔታችን ታትሞ እጃችሁ እስኪገባ ድረስ ከዝርዝሩ እኩሌታው ያረጃል። ስለዚህ ስለ መሣሪያው ከማውራት ይልቅ መሣሪያውን ስለሚማረው ሰው፣ ከእርሱም አጠገብ ስለምንቀመጠው ስለ እኛ ስለ ነባሮቹ ብናገር ይሻላል ብዬ ወሰንሁ። ለዚህም በመሥሪያ ቤቴ ከአንድ ወጣት ባልደረባዬ ጋር የደረሰብንን፣ በትክክል ለመናገር ደግሞ እኔ ያደረስሁትን አንድ ጉዳይ ምሳሌ አደርጋለሁ። የወጣቱንም ሆነ የደንበኛችንን ስም አልጠራም። የእኔ ስም ግን በጉባኤው መርሐ ግብር ላይ ስለ ተጻፈ ልሰውረው አልችልም።

ከሁሉ አስቀድሞ የወጣቱን ውሎ ላስተዋውቃችሁ። ከሙያችን ውጭ ያለ ሰው የፕሮግራም ባለሙያ ሲባል ከጧት እስከ ማታ ኮድ ሲጽፍ የሚውል ይመስለዋል። እናንተ እንደምታውቁት ነገሩ እንዲህ አይደለም። ወጣቱ የሚኖረው ጀሞ ነው፤ መሥሪያ ቤታችን ያለው ቦሌ ነው። ጧት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ከቤቱ ወጥቶ የታክሲ ሰልፍ ይይዛል። ታክሲው ውስጥ መቀመጫ ካገኘ ሌሊት በርካሽ የኢንተርኔት ጥቅል ያወረደውን መመሪያ በስልኩ ያነባል፤ ካላገኘ ቆሞ በልቡ ይከልሳል። ቢሮ እንደ ገባ የሚጀምረው ሌሊቱን በደንበኞቻችን ኮምፒዩተሮች ላይ የተመዘገቡትን ስሕተቶች በማንበብ ነው። ቀጥሎ ሌላ ሰው ከጻፈው ኮድ ጋር ይታገላል፤ ጸሐፊው ሥራውን ለቆ ከሄደ ዓመት አልፎታልና የሚጠየቅ የለም። ከዚያም አንድ መሣሪያ አዲስ እትም አውጥቶ ትናንት ይሠራ የነበረው ዛሬ እንቢ ይላል፤ ምክንያቱን ፍለጋ ረፋዱ ያልቃል። በመካከሉ ስልክ ይደወላል። ከስምንቱ የሥራ ሰዓት አዲስ መስመር የሚጽፍበት ሁለት ሰዓት ቢሆን ነው። ማታ ቤቱ ገብቶ እራቱን ከበላ በኋላ መብራት ካልጠፋ ላፕቶፑን ከፍቶ ትምህርቱን ይቀጥላል፤ ከጠፋም ባትሪው እስኪያልቅ ድረስ።

ይህ ወጣት ከዩኒቨርሲቲ ተመርቆ ወደ እኛ ሲመጣ ጃቫ የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ያውቅ ነበር። እኛ የምንሠራው በፓይተን ነው። በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወሮች ውስጥ ፓይተንን፣ የለውጥ መዝገብ የሚይዘውን ጊትን፣ ፕሮግራምን ከነሚያስፈልገው ሁሉ እንደ ዕቃ አሽጎ ከአንዱ ኮምፒዩተር ወደ ሌላው የሚያሻግረውን ዶከርን፣ እንዲሁም ፕሮግራምን በፕሮግራም የመፈተን ዘዴን እንዲማር አዘዝነው። አዘዝነው ማለት በወረቀት ጽፈን ሰጠነው ማለት ነው። ጊዜ ግን አልሰጠነውም። መመሪያዎቹ ሁሉ የተጻፉት በእንግሊዝኛ ሲሆን፣ ጸሐፊዎቻቸው የማይቋረጥ መብራትና ኢንተርኔት ላለው አንባቢ ያሰቧቸው ናቸው።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ወጣቱን ከሁሉ ይበልጥ ያስፈራው የስሕተት መልእክት ነበር። ፓይተን ሲሰናከል በስክሪኑ ላይ ሠላሳና አርባ መስመር ያፈሳል። ወጣቱ ከላይ ጀምሮ ሊያነብ ይሞክርና ሦስተኛው መስመር ላይ ተስፋ ይቆርጣል። አንድ ቀን አጠገቡ ተቀምጬ የፓይተን የስሕተት መልእክት የሚነበበው ከታች ወደ ላይ መሆኑን አሳየሁት። የመጨረሻው መስመር የስሕተቱን ዓይነት ይናገራል፤ ከእርሱ በላይ ያለው ስሕተቱ የወደቀበትን ቦታ ያመለክታል፤ ከዚያም በላይ ያሉት መስመሮች ወደዚያ ቦታ ያደረሰውን መንገድ በቅደም ተከተል ያሳያሉ። ይህን ለማስረዳት አሥር ደቂቃ አልፈጀብኝም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወጣቱ ቀዩን ጽሑፍ ሲያይ አይደነግጥም። ይህን የምነግራችሁ ራሴን ለማመስገን አይደለም። አሥር ደቂቃ ምን ያህል ዋጋ እንዳላት እያወቅሁ፣ ኋላ በቸገረው ጊዜ ያችኑ አሥር ደቂቃ ስለ ነፈግሁት ነው።

አሁን ስለ መሣሪያዎች ታሪክ ጥቂት ልበል። አዲስ መሣሪያ በመጣ ቁጥር በሙያችን ውስጥ ሁለት ዓይነት ድምፅ ይሰማል። አንዱ «ከእንግዲህ የሥራው ጣጣ ሁሉ አበቃ» የሚል ነው። ሁለተኛው «ይህ መጫወቻ እንጂ መሣሪያ አይደለም» የሚል ነው። እ.ኤ.አ. በ1957 በጆን ባከስ የሚመራው የአይቢኤም ቡድን ፎርትራንን ባቀረበ ጊዜ፣ ኮምፒዩተር ራሱ የሚያወጣው ትእዛዝ የባለሙያ እጅ ከሚጽፈው ጋር በፍጥነት ሊወዳደር አይችልም ብለው የተጠራጠሩ ብዙዎች ነበሩ። ጥርጣሬው ከሸፈ፤ ፎርትራንም ዛሬ ድረስ በሳይንስ ስሌት ውስጥ ይሠራበታል። ነገር ግን ፎርትራን ቢመጣም የፕሮግራም ሥራ ቀላል አልሆነም። ለምን አልሆነም የሚለውን ጥያቄ ፍሬድ ብሩክስ የተባለው ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1986 ባቀረበው ጽሑፍ መልሶታል። የሐሳቡ ፍሬ ነገር በአጭሩ ይህ ነው፤ የሥራችን ችግር ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ከመሣሪያው ድክመት የሚመጣ ሲሆን፣ መሣሪያው ሲሻሻል ይቀንሳል። ሁለተኛው ከጉዳዩ ከራሱ ባሕርይ የሚመነጭ ነው። ይህን ማንኛውም መሣሪያ አይወስድልንም፤ ሰው ተቀምጦ ማሰብ አለበት።

ይህ አባባል በእኛ አገር ምን ማለት እንደ ሆነ በምሳሌ ላስረዳ። ብዙዎቻችሁ እንደምታስታውሱት፣ ቀድሞ እያንዳንዱ የአማርኛ የፊደል ፕሮግራም የራሱ አሠራር ነበረው። የግዕዝን ፊደላት በላቲን ፊደላት ቦታ እየተካ ይሠራ ስለ ነበር በአንዱ የተጻፈው ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት ትርጉም የሌለው ምልክት ይሆን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው በዩኒኮድ 3.0 ውስጥ የኢትዮጵያ ፊደል የራሱን ቦታ ካገኘ ወዲህ ይህ ችግር ቀስ በቀስ ተቃለለ። ይህ ብሩክስ እንዳለው ከመሣሪያው የመጣ ችግር ነበር፤ መሣሪያው ሲሻሻል ሄደ። ይሁን እንጂ ፀሐይ የተባለች ሴት ስሟ በአንድ መሥሪያ ቤት በጸሎቱ «ጸ»፣ በሌላው በፀሐዩ «ፀ» ቢጻፍ፣ ለኮምፒዩተሩ ሁለት ሴቶች ናቸው። አንድ ሴት መሆኗን ዩኒኮድ አይነግረንም። እንዲሁም ዩቲኤፍ-8 በተባለው አጻጻፍ እያንዳንዱ የእኛ ፊደል ሦስት ባይት ስለሚወስድ፣ በባይት እየቆጠረ 50 ቦታ ብቻ በሚሰጥ መዝገብ ውስጥ የሚገባው 16 ፊደል ነው። መመሪያውን የጻፈው ሰው ስሙ በላቲን 50 ፊደል ቢሆን ይበቃዋል፤ የእኛ ደንበኛ ግን የአያቱ ስም መካከሉ ላይ ይቆረጥበታል። እነዚህን ነገሮች የሚያስተምር የመሣሪያ መመሪያ የለም። የሚያስተምረው አገሩንና ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። ለዚህ ግን ጊት ስለተባለው መሣሪያ ትንሽ ማስረዳት ያስፈልጋል፤ በታሪኬ ውስጥ ምስክር ሆኖ ይቀርባልና። እኔ በ1980ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ በፎክስፕሮ ሥራ ስጀምር የለውጥ መዝገብ የሚባል ነገር አናውቅም ነበር። ፋይላችንን በፍሎፒ ዲስክ እየገለበጥን «የመጨረሻ»፣ «የመጨረሻ 2»፣ «እውነተኛው የመጨረሻ» እያልን ስም እንሰጠው ነበር። ሊነስ ቶርቫልድስ የሊኑክስን ሥራ ይመዘግብበት የነበረው ፕሮግራም ነፃ ፈቃድ በተነሣበት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2005 ጊትን መጻፍ ጀመረ፤ በጥቂት ቀኖች ውስጥም የጊት ኮድ በጊት ራሱ መመዝገብ ጀመረ። አሠራሩን ለመረዳት የመዝገብ ቤትን ሥራ ማሰብ ይበቃል። ባለሙያው ሥራውን ባስገባ ቁጥር ጊት የዚያን ሰዓት የፋይሎቹን መልክ ከነጸሐፊው ስም፣ ከነቀኑና ከአጭር ማስታወሻ ጋር ይመዘግባል። እያንዳንዱ ምዝገባ ከራሱ ይዘት የሚሰላ ረጅም መለያ አለው፤ በውስጡም የቀዳሚውን ምዝገባ መለያ ይይዛል። ከዚህም የተነሣ ከመካከል አንዱን በስውር ለመለወጥ ቢሞከር ከእርሱ በኋላ ያሉት መለያዎች ሁሉ ይፋለሳሉ። በዚህ መሣሪያ የተሰረዘ መስመር ከዛሬው ገጽ ይጠፋል እንጂ ከመዝገቡ አይጠፋም።

ወጣቱ ጊትን በጽናት ተማረ። በመጀመሪያው ወር አንድ የተሳሳተ ትእዛዝ ሰጥቶ የሁለት ቀን ሥራው የጠፋበት መስሎት ምሳ ሳይበላ ዋለ። በኋላ ጊት እያንዳንዱን እንቅስቃሴ የሚመዘግብበት ሌላ ዝርዝር እንዳለው በመመሪያው ውስጥ አግኝቶ ሥራውን በሙሉ መለሰ። ከዚያ ወዲህ በየሰዓቱ ማስገባትንና ማስታወሻውን በአማርኛ አጥርቶ መጻፍን ልማድ አደረገ። ይህ ልማዱ ኋላ እኔን አሳፈረኝ።

በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ለአንድ የቁጠባና ብድር የኅብረት ሥራ ማኅበር ፕሮግራም እንሠራ ነበር። አባላቱ ጥቃቅን ነጋዴዎችና ደመወዝተኞች ናቸው። የብድራቸውን ክፍያ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ያልከፈለ ሰው ከመስከረም 1 ቀን ጀምሮ ቅጣት ይታሰብበታል። ቀኑ ሁሉ የሚጻፈው በእኛው የዘመን አቆጣጠር ነው። የቀኑን ስሌት የሚሠራውን ክፍል ለወጣቱ ሰጠሁት። ማናችሁም እንደምታውቁት 12ቱ ወሮች እያንዳንዳቸው 30 ቀን አላቸው፤ 13ኛዋ ጳጉሜን 5 ቀን ስትሆን፣ በየአራት ዓመቱ በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ 6 ትሆናለች። ለፕሮግራም ባለሙያ ደንቡ አጭር ነው፤ ዓመተ ምሕረቱ ለ4 ሲካፈል ቀሪው 3 ከሆነ ጳጉሜን 6 ናት። 2011፣ 2015፣ 2019 እንደዚህ ናቸው።

ወጣቱ ከኢንተርኔት ላይ ሌላ ሰው በነፃ ያቀረበውን ኮድ አገኘ። በዚያ ኮድ ውስጥ ጳጉሜን ምንጊዜም 5 ነበረች። ወጣቱ ኮዱን ወስዶ ለሥራችን እንዲስማማ አደረገው፤ አዲስ በተማረው ዘዴም ከ20 በላይ መፈተኛ ጻፈለት። መፈተኛዎቹ በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ቀኖች የተሠሩ ስለ ነበሩ ሁሉም አለፉ፤ ስክሪኑም አረንጓዴ ሆነ። እኔም አረንጓዴውን አይቼ ኮዱን ሳላነብ «ተቀብያለሁ» ብዬ ፈረምሁ።

ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ዓ.ም. ሰኞ ነበረ። የበዓሉ ዋዜማ ስለሆነ ብዙ አባላት ቅጣቱ ሳይጀምር ለመክፈል ወደ ማኅበሩ መጡ። ገንዘብ ያዧ የመጀመሪያውን ደረሰኝ ልታስገባ ስትል ፕሮግራሙ «ቀኑ ትክክል አይደለም» አላት። ደጋግማ ሞከረች። ያለፈው የሥራ ቀን የቅዳሜ ሒሳብ ተዘግቷል፤ ሰልፉ ደጅ ደርሷል። ሌላ ምርጫ ስላጣች የእያንዳንዱን ሰው ክፍያ በመስከረም 1 ቀን 2016 ዓ.ም. አስገባችው። ፕሮግራሙም የታዘዘውን ፈጸመ። 40 ያህል ሰዎች በቀናቸው ከፍለው ሳለ በዘገየ ሰው ቅጣት ተቀጡ። ከእነርሱ መካከል አንዲት እንጀራ ጋግረው የሚሸጡ እናት ነበሩ፤ የበዓል ዶሮ ሳይገዙ ብድራቸውን ያስቀደሙ። ቅጣቱ ሲነገራቸው ያሉትን ገንዘብ ያዧ በስልክ ነገረችኝ፤ እዚህ ልድገመው አልችልም።

ከበዓሉ በኋላ ሁለት ባልደረቦቼንና ወጣቱን ሰብስቤ በትልቁ ስክሪን ፊት ተቀመጥን። ቁጣዬ እውነተኛ ነበረ፤ አቅጣጫው ግን የተሳሳተ ነበረ። «ጳጉሜን 6 እንደምትሆን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ እንዴት ይገኛል!» አልሁ። ወጣቱ አንገቱን ደፍቶ ዝም አለ። ጊት እያንዳንዱን መስመር ማን እንደ ጻፈው የሚያሳይ ትእዛዝ አለው፤ ስሙ ብሌም ነው፤ ትርጉሙም ውቀሳ። ጥፋቱ የማን እንደ ሆነ በሁሉ ፊት ለማሳየት ይህን ትእዛዝ ሰጠሁ፤ የወጣቱም ስም ወጣ። ከዚያ ወደ ኋላ እየሄድሁ የዚያን ክፍል ታሪክ ከፈትሁ። ከሥራው ርክክብ ከአንድ ሳምንት በፊት የገባ ምዝገባ ተገኘ፤ ማስታወሻው እንዲህ ይላል፦ «የጳጉሜን ቀናት፤ 6 የምትሆንበትን ዓመት ደንብ ጋሼን ልጠይቅ።» በማግሥቱ የገባው ምዝገባ ደግሞ፦ «ማስታወሻው ወጥቷል።»

ስክሪኑን አራታችንም አነበብነው። ያን ጊዜ ነገሩ ትዝ አለኝ። ከቀትር በኋላ ወጣቱ ወደ ጠረጴዛዬ መጥቶ «ጋሼ፣ ስለ ጳጉሜን አንድ ነገር ልጠይቅዎት ነበር» ብሎኝ ነበር። እኔም ቀና ሳልል «አሁን አይደለም፤ መጀመሪያ ጨርሰህ አምጣ። ሁሉን ነገር እየጠየቅህ መቼ ልትማር ነው?» አልሁት። ወጣቱ ሄደ፤ ጨርሶም አመጣ። ባልደረቦቼ ፊት «ለምን ይህን አልተናገርህም?» ብዬ ብጠይቀው የመለሰልኝን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። «ጋሼ፣ ፈተናው ሁሉ አልፎ ነበር፤ እርስዎም ፈርመውበታል። እኔ ተሳስቼ ይሆናል ብዬ ነው» አለኝ።

ክቡራን ባልደረቦቼ፣ በዚህ መልስ ውስጥ የጉዳዩ ምክንያት በሙሉ አለ። ወጣቱ ጥርጣሬ ነበረው፤ ጥርጣሬውም ትክክል ነበረ። ይህን ትክክለኛ ጥርጣሬ ሁለት ነገሮች አሸነፉት። አንደኛው አረንጓዴው ምልክት ነው። መፈተኛውን የጻፈው ኮዱን ያዘጋጀው እጅ ስለሆነ፣ ኮዱ ያላወቀውን መፈተኛውም አላወቀም፤ ሁለቱ ተስማምተው ተሳሳቱ። ሁለተኛው የእኔ ፊርማ ነው። «ካለመጠየቅ ደጃዝማችነት ይቀራል» ይባላል። ተረቱ የሚወቅሰው ያልጠየቀውን ነው፤ ጠይቆ የተመለሰ ሰው ሲኖር ግን ወቀሳው የመላሹ ነው። ወጣቱን ይቅርታ ጠየቅሁት፤ በዚያው ስብሰባ፣ በእነዚያው ሰዎች ፊት። ኮዱ የታረመው በአንድ መስመር ነው። ቅጣቱን ለመመለስ ግን ገንዘብ ያዧና ወጣቱ ሳምንት ሙሉ እያንዳንዱን አባል በስልክ ሲያነጋግሩ ሰነበቱ። ለእንጀራ ጋጋሪዋ እናት የደወልሁት እኔ ራሴ ነኝ።

ከዚህ በኋላ በመሥሪያ ቤታችን ያቆምናቸውን አራት ልማዶች ላቅርብላችሁ። ለሁሉም መሥሪያ ቤት ይስማማሉ አልልም፤ እኛን ግን ጠቅመውናል።

አንደኛ፣ የመማሪያ ጊዜ ከሥራ ጊዜ ላይ ተመደበ። ረቡዕ ረቡዕ ከቀኑ 8 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ወጣቶቹ አዲስ መሣሪያ ይማራሉ፤ መመሪያውንም አስቀድመን አውርደን በቢሮው ኮምፒዩተር ላይ እናስቀምጣለን፤ ኢንተርኔት ቢቋረጥም ትምህርቱ አይቋረጥም። መሣሪያው ለመሥሪያ ቤቱ ጥቅም የሚውል ከሆነ ትምህርቱን በሠራተኛው እንቅልፍ ማስከፈል ፍትሕ አይደለም።

ሁለተኛ፣ አንድ ሰው በአንድ ጊዜ የሚማረው አንድ አዲስ መሣሪያ ብቻ ነው። ሦስት አዲስ ነገር አንድ ላይ የያዘ ሰው ሥራው ሲሰናከልበት ከሦስቱ የትኛው እንዳሰናከለው አያውቅም። አንዱን ከለመደ በኋላ ሌላው ቢጨመርለት ግን ስሕተቱ የሚፈለግበት ቦታ ጠባብ ነው።

ሦስተኛ፣ የመፈተኛው ትክክለኛ መልስ ከኮዱ ውጭ ይምጣ አልን። የቀን ስሌት ከሆነ ግድግዳ ላይ ከተሰቀለው የቀን መቁጠሪያ፣ የገንዘብ ስሌት ከሆነ ከገንዘብ ያዧ የእጅ መዝገብ ይወሰዳል። አሁን ወጣቱ አዲስ ሥራ ሲጀምር ከኮምፒዩተሩ በፊት ወደ ሥራው ባለቤት ይሄዳል፤ «ባለፉት ዓመታት ያስቸገራችሁ ቀን የቱ ነው?» ብሎ ይጠይቃል። በዚህ አንድ ጥያቄ የሚገኘው መፈተኛ እኛ ቢሮ ተቀምጠን ከምንፈጥረው ሁሉ ይበልጣል።

አራተኛ፣ ፈራሚ አንባቢ ይሁን። የሌላውን ኮድ የሚቀበል ሰው ቢያንስ አንድ መፈተኛ ከራሱ ጨምሮ ሳያይ አይፈርምም። ስሕተት ከተገኘ ተጠያቂዎቹ ጸሐፊውና ፈራሚው አንድ ላይ ናቸው። ይህ ደንብ ከወጣ ወዲህ የምፈርመው ቍጥር አንሷል፤ የምማረው ግን በዝቷል። ዶከርን ያስተማረኝ ይኸው ወጣት ነው። በመጀመሪያ ከልጅ መማር አሳፍሮኝ ነበር። ጊዜው የሚጠይቀው ግን ይህን መሆኑን ተረድቼአለሁ፤ እርሱ አዲሱን መሣሪያ ያሳየኛል፣ እኔ ጳጉሜንን አሳየዋለሁ።

በመጨረሻ ዛሬ ሁላችንንም ስለሚያነጋግረው ስለ ሰው ሠራሽ አእምሮ አንድ ነገር ሳልናገር ብወርድ ንግግሬ ጎደሎ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2021 ጊትሃብ ኮፓይሎት ለሙከራ ቀረበ፤ በኅዳር 2015 ዓ.ም. ደግሞ ቻትጂፒቲ ለሕዝብ ተከፈተ። ከዚያ ወዲህ ወጣቶቻችን ኮድ የሚጽፍላቸው፣ የስሕተት መልእክት የሚተረጉምላቸው፣ መፈተኛም የሚያዘጋጅላቸው ረዳት አግኝተዋል። የፎርትራንን ታሪክ የማውቅ በመሆኔ ይህን መጫወቻ ነው ብዬ አልንቀውም። ወጣቱ ባልደረባዬ በዚህ ረዳት አማካይነት ቀድሞ ሦስት ቀን የሚፈጅበትን መመሪያ በግማሽ ቀን ይረዳል፤ ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። ነገር ግን የረዳቱ መልስ አንዳንዴ ትክክል፣ አንዳንዴ ስሕተት ሲሆን፣ አነጋገሩ በሁለቱም ጊዜ ያው ነው፤ እርግጠኛ ነው። ኮዱንም መፈተኛውንም እርሱ ከጻፈ ደግሞ የ2015ቱ ታሪካችን ተመልሶ መጣ ማለት ነው፤ ሁለቱ ተስማምተው ይሳሳታሉ።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ማሽኑ አይቆጣም። «አሁን አይደለም» አይልም። ሌሊት በ7 ሰዓት ቢጠየቅም ይመልሳል። እኛ ነባሮቹ ፊታችንን ካጠቆርን፣ ወጣቱ ጥያቄውን ሁሉ ይዞ ወደ ማይቆጣው ይሄዳል። ይህ በራሱ ክፉ አይደለም። ነገር ግን ማሽኑ የማያውቀው፣ እኛ የምናውቀው ጥያቄ ይኖራል፤ የጳጉሜን፣ የፀሐይ ስም፣ የገንዘብ ያዧ ሰልፍ። ያ ጥያቄ ወደ ጠረጴዛችን ሳይመጣ ይቀራል፤ በመዝገብም ላይ «ጋሼን ልጠይቅ» የሚል ማስታወሻ እንኳ አይተውም። በ2015 የኔ ጥፋት የተገለጠው ወጣቱ ጽፎ ስለ ሰረዘው ነው። ያልተጻፈውን ጥያቄ የሚያሳይ መሣሪያ ግን አልተሠራም።

በ2016 ዓ.ም. በኢትዮጵያና በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ትብብር 5 ሚሊዮን ወጣቶችን የኮዲንግ ዕውቀት ለማስጨበጥ የታቀደ የኢንተርኔት ሥልጠና ተጀምሯል። ከእነዚህ ወጣቶች ብዙዎች ነገ በእኛ መሥሪያ ቤቶች በር ይቆማሉ። መሣሪያውን ከእኛ ይበልጥ ያውቁት ይሆናል። ከእኛ የሚፈልጉት አሥር ደቂቃና የተከፈተ ፊት ነው። ማኅበራችን በዚህ ዓመት በየመሥሪያ ቤቱ የመማሪያ ሰዓት እንዲመደብና የፈራሚ ኃላፊነት በጽሑፍ እንዲደነገግ ለአባላቱ ምክር እንዲያቀርብ በትሕትና አሳስባለሁ።

ወጣቱ ባልደረባዬ ዛሬ በዚህ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጧል። ይህን ንግግር ከማቅረቤ በፊት አንብቦ እንዲያርመኝ ሰጥቼው ነበር። ሁለት ስሕተት አገኘብኝ፤ ሁለቱንም አርሜአለሁ።